ትንበያ በስለት ላይ

ለማመን ይከብዳችሁ ይሆናል እንጂ በዚህች ከተማ ፊገር ስኬቲንግ የሚከታተል ሰው አለ። እኛ አለን። ብዙ አይደለንም፤ የአንድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ተጠጋግተን ይበቃናል። በረዶን የምናውቀው በሐምሌ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። እንዲህ ባለ አገር ቁጭ ብሎ፣ ስለት በተገጠመለት ጫማ ተነስቶ አየር ላይ አራት ጊዜ ዞሮ ስለሚያርፍ የቨርጂኒያ ልጅ መከራከር ምን የሚሉት ነው ለምትሉን መልሳችን አጭር ነው። እናንተስ ማንቸስተርን መቼ ሄዳችሁ አያችሁት?

ለነገሩ ባንዲራችንም የክረምት ኦሎምፒክን ጨርሶ አያውቀውም ማለት አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ካልኩሌተር አታውጡ።) የሱ ውድድር ግን በሰዓት የሚለካ ነው። የኛ ጉዳይ በዳኛ የሚለካው ነው። ዛሬ የምናወራውም ውድድር በመጣ ቁጥር ሁሉም ሰው ስለሚገባበት ነገር ነው፤ ወርቁን ማን ይወስዳል፣ ብሩን ማን፣ ነሐሱን ማን።

ትንበያ ላይ ጥላቻ የለንም። ጠላን ብንልስ ማን ያምነናል? ሰፈራችን ያሉት ቤቲንግ ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንደሚመስሉ ታውቃላችሁ። አሥራ ሁለት ጨዋታ ያለበት ቲኬት ይዞ «በአንዱ ተበላሁ እኮ!» የሚል ጎረምሳ በየበሩ አለ። አሥራ አንዱን ማግኘቱ ምንም አያጽናናውም። ትንበያ ጨዋታ ነው፣ ጨዋታ ደግሞ ይጣፍጣል። ችግሩ የሚጀምረው ትንበያው ጨዋታነቱን ትቶ ዜና ሲሆን፣ ዜናው ደግሞ ገና ወደ በረዶው ያልገባ ልጅ ላይ እዳ ሆኖ ሲጫን ነው።

የሚላኑን ምሽት እንውሰድ። የካቲት 2026፣ የሚላኖ ኮርቲና ኦሎምፒክ፣ የወንዶች ነጠላ ፍጻሜ። ቀኑ አርብ ነው፤ እኛ ዘንድ የዐቢይ ጾም ሊያዝ የቀሩት ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ከተማው ስለ ሥጋ ነው የሚያወራው። የመጨረሻው ተወዳዳሪ ሲገባ እዚህ ወደ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተጠግቷል። የመጨረሻው ተወዳዳሪ ኢሊያ ማሊኒን ነው።

ማሊኒን ማን እንደሆነ ለማታውቁ፦ የአሜሪካ ልጅ ነው፣ እናትና አባቱ ለኡዝቤኪስታን በኦሎምፒክ የተወዳደሩ ስኬተሮች ናቸው። በ2022 አራት ዙር ተኩል የሚፈጀውን ኳድ አክሰል በውድድር ላይ በትክክል ያረፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2024 እና በ2025 የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በግል ውድድር ያሸነፈው ሰው አልነበረም። በኢንተርኔት ራሱን «ኳድ ጎድ» ብሎ ሰይሟል፤ የአራት ዙር አምላክ እንደማለት። (እንዲህ ያለ ስም ያወጣ ልጅ እኛ ሰፈር ቢኖር እናቱ አማትባ ጸበል ትወስደው ነበር።) በታኅሣሥ 2025 ናጎያ ላይ በተደረገው የግራንድ ፕሪ ፍጻሜ ሰባቱንም ዝላዮቹን በኳድ ሠርቶ በረጅሙ ፕሮግራም 238.24 ነጥብ አመጣ። የዓለም ክብረ ወሰን ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ሰው ወርቁን ለማን ይሰጣል? ለሱ ነው የሚሰጠው። ክርክሩ ሁሉ ብርና ነሐሱ ላይ ነበር። አጭሩን ፕሮግራም በ108.16 መርቶ ሲያጠናቅቅ ያ ክርክር እንኳን ሊደበዝዝ ደረሰ።

ከዚያ ገባ። ኳድ አክሰሉ ነጠላ አክሰል ሆነ። ሁለት ጊዜ ወደቀ። ረጅሙ ፕሮግራም 156.33 ሆነ፤ ከሁለት ወር በፊት ራሱ ካመጣው ወደ 82 ነጥብ ያነሰ። በድምሩ 264.49 ይዞ ስምንተኛ ወጣ። ወርቁን በአጭሩ ፕሮግራም አምስተኛ የነበረው የካዛክስታኑ ሚካይል ሻይዶሮቭ በ291.58 ወሰደ። ብሩ ለጃፓኑ ዩማ ካጊያማ፣ ነሐሱ ደግሞ በአጭሩ ዘጠነኛ ለነበረው ለሌላው ጃፓናዊ ለሹን ሳቶ ሆነ።

በማግስቱ የዓለም ሚዲያ ሁሉ «ያልተጠበቀ» እያለ ጻፈ። እዚህ ቃል ላይ ነው እኛ የምንጣላው። ያልጠበቀው ማን ነው? ስፖርቱ እንዴት እንደሚሠራ ወረቀቱን ገልጦ ላየ ሰው ያ ሊሆን የሚችል ነገር ነበር። ይሆናል አላልንም፤ ሊሆን ይችላል ነው ያልነው። ልዩነቱን እንድታዩት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ ታገሡን።

በፊገር ስኬቲንግ እያንዳንዱ ዝላይ መነሻ ዋጋ አለው፣ እንደ ምግብ ቤት ሜኑ። ኳድ አክሰል 12.50 ነው። ኳድ ሉትዝ 11.50 ነው። ሦስት ዙር ተኩል የሆነው ትሪፕል አክሰል 8.00 ነው። ነጠላ አክሰል፣ ሕፃናት የሚለማመዱት፣ 1.10 ነው። ዘጠኝ ዳኞች በዚህ ዋጋ ላይ ከአምስት ቅናሽ እስከ አምስት ጭማሪ ድረስ ይሰጣሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥሎ የቀሩት በአማካይ ይሰላሉ። ወንዶች በረጅሙ ፕሮግራም ሰባት የዝላይ ዕድል አላቸው። ከሰባቱ የመጨረሻዎቹ ሦስት የአሥር በመቶ ጉርሻ ያገኛሉ፣ ደክሞህም ከዘለልህ ይከፈልሃል ነው ነገሩ። ከወደቅህ ደግሞ ከዝላዩ ዋጋ ግማሹ ያህል ይሄዳል፣ በላዩ ላይ አንድ ነጥብ ይቆረጣል።

አሁን ልብ በሉ። አራት ዙር ተኩል ሊዞር የተነሣ ልጅ ትከሻው ሲነሣ በግማሽ ሰከንድ ቢዘገይና አየር ላይ «አይሆንም» ብሎ እጁን ቢከፍት፣ 12.50 የነበረው 1.10 ይሆናል። 11.40 ነጥብ ሄደ ማለት ነው፣ ሳይወድቅ። በዚያው ምሽት በወርቁና በብሩ መካከል የነበረው ልዩነት ስንት ነበር? 11.52። አንዲት የተከፈተች እጅ ከወርቅ እስከ ብር ያለውን መንገድ ልትበላ ምንም አልቀራትም። ማሊኒን ደግሞ ከሁሉም በላይ ውድ ዝላይ የሚሠራ ስለሆነ ሲሳሳትም ከሁሉም በላይ የሚከስረው እሱ ነው። ናጎያ ላይ 238 ያመጣለት ያ ሜኑ ራሱ ነው ሚላን ላይ ያስከፈለው። ሀብታም ሲከስር እንደማለት።

ደግሞ ምልክት አልነበረም አይባልም። በዚያው ኦሎምፒክ፣ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በቡድን ውድድሩ አጭር ፕሮግራም ካጊያማ 108.67 ሲያመጣ ማሊኒን 98.00 ነበር ያመጣው። አሜሪካ የቡድን ወርቁን ስትወስድ እሱም ወርቁን አንገቱ ላይ አድርጓል፣ ይሄ አይካድም። ግን ልጁ ሰው መሆኑን በረዶው ቀድሞ ነግሮን ነበር። ትንበያ ጸሐፊዎቹ አልሰሙም፣ ምክንያቱም ጽሑፋቸው አስቀድሞ አልቆ ነበር።

እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም። በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ ናታን ቼን ለወርቅ ታጭቶ ሄዶ በአጭሩ ፕሮግራም አሥራ ሰባተኛ ወጣ። በረጅሙ ስድስት ኳድ ሠርቶ 215.08 አመጣ፣ የዚያን ቀን አንደኛ ነው፤ በድምር ግን አምስተኛ። በ2022 ቤጂንግ ላይ ተመልሶ ወርቁን ወሰደ። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ ሁሉም ሰው ስለ ሚሼል ኳንና ስለ ኢሪና ስሉትስካያ ሲያወራ፣ በአጭሩ አራተኛ የነበረችው የ16 ዓመቷ ሳራ ሂዩዝ ወርቁን ይዛ ሄደች። ያን ጊዜም «ያልተጠበቀ» ነው የተባለው። በየአራት ዓመቱ የሚመጣ ያልተጠበቀ ነገር ግን ቢያንስ ቀጠሮ ይባላል።

«ታዲያ ሯጮቻችንስ?» ትሉ ይሆናል። ትክክል፤ እኛ አገር ትንበያን የተማርነው በሩጫ ነው። በ2011 ዴጉ ላይ የ10 ሺህ ሜትሩ ወሬ በሙሉ ስለ ቀነኒሳ በቀለና ስለ ሞ ፋራህ ነበር። ቀነኒሳ ከጉዳት ተመልሶ ገባና አቋርጦ ወጣ፤ ፋራህ በመጨረሻው ዙር ሊያሸንፍ ሲል ኢብራሂም ጄይላን ከኋላ መጥቶ በ27:13.81 ቀደመው። ያን ቀን ኢብራሂም ብሎ የተነበየ ካለ እጁን ያውጣ። ግን እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው፣ ያንን ያየው ካሜራና ሰዓት ነው። ሰዓት ጋዜጣ አያነብም። ኃይሌ ማን እንደሆነ አያውቅም። ትናንት ማን ምን እንደተነበየ አልሰማም።

ዳኛ ግን ያነባል።

ይሄ ነው የዚህ ስፖርት ትንበያ ከቤቲንግ ቤቱ ቲኬት የሚለይበት። የአርሰናልን ውጤት ብትገምቱ ኳሷ አትሰማችሁም። በፊገር ስኬቲንግ ግን ከቴክኒኩ ነጥብ ጎን የአቀራረብ ነጥብ አለ፤ ቅንብሩ፣ አቀራረቡ፣ የመንሸራተት ችሎታው እየታየ የሚሰጥ። እነዚህን የሚሰጠው ዓይንና ጆሮ ያለው ሰው ነው። ስም ያለው ስኬተር ያለውን ስም የሚያህል ነጥብ ይዞ ይገባል የሚል ክርክር ስፖርቱ ውስጥ ለዘመናት አለ፣ እኛም ከተከራካሪዎቹ ወገን ነን። ዳኛው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሁሉም ሰው «እሷ ታላቅ ናት» ካለህ በኋላ እሷን እንደ ማንም አድርጎ ማየት ከባድ ስለሆነ ነው። አዲስ ልጅ ግን፣ ያንኑ ነገር ብትሠራ፣ ማንነቷን ለማስረዳት ሁለት ዓመት ይፈጅባታል። እንግዲህ ትንበያ ጸሐፊው ያንን ስም ከሚሠሩት አንዱ ነው። «እኔ የመሰለኝን ነው የጻፍኩት» ብሎ እጁን መታጠብ አይችልም።

ከዚህ ሲብስ ደግሞ አለ። በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ በጥንዶች ውድድር ወርቁ ለሩሲያዎቹ ቤሬዥናያና ሲካሩሊድዜ ተሰጠ። ከዚያ ፈረንሳዊቷ ዳኛ ጫና ተደርጎብኛል ማለቷ ተሰማ፤ ዓለም ተናወጠ፤ ለካናዳዎቹ ሳሌና ፔልቲዬ ሁለተኛ ወርቅ ተሰጣቸው። ያ ቅሌት ነው የድሮውን የ6.0 ነጥብ አሰጣጥ ገድሎ አሁን የምናየውን ቁጥር የበዛበትን ሥርዓት የወለደው። ታዲያ ቁጥር በዛ ማለት ክርክር ቀረ ማለት ነው? በ2026 በበረዶ ላይ ዳንስ ፈረንሳዮቹ ፉርኒዬ ቦድሪና ሲዜሮን አሜሪካኖቹን ቾክና ቤትስን በ1.43 ነጥብ ቀድመው ወርቁን ሲወስዱ፣ ፈረንሳዊው ወገን ዳኛ ለአገሯ ልጆች ከሌሎቹ ርቃ ነጥብ ሰጥታለች ተብሎ ጉድ ተባለ። ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር የዳኞች ነጥብ መለያየት የተለመደ ነው፣ በውጤቱ እንተማመናለን አለ። እኛ ማን ልክ እንደሆነ አንፈርድም፤ ሁለቱም ጥንዶች ውብ ናቸው። የምንለው፣ እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ «የዘንድሮ ወርቅ የእገሌ ነው፣ አለቀ» የሚል ሰው ስኬተሩን ብቻ አይደለም የተነበየው፣ ዘጠኝ ሰዎች ምን እንደሚያስቡም ጭምር ነው። የባለቤታችሁን ሐሳብ እንኳ በትክክል ገምታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ሆዳችን ጉዳይ እንምጣ። ይሄን ጽሑፍ የጻፍነው ለሱ ነው።

ቤጂንግ፣ 2022። ካሚላ ቫሊዬቫ 15 ዓመቷ ነው። የዓለም ትንበያ በሙሉ አንድ ድምፅ ነበር፤ ከወርቁ በታች የሚገምትላት አልነበረም። በቡድን ውድድሩ ኳድ ሠርታ የሩሲያውያንን ቡድን አንደኛ አደረገች። ከዚያ በታኅሣሥ 2021 የሰጠችው ናሙና የተከለከለ መድኃኒት እንደተገኘበት ተሰማ። ሆኖም በነጠላው እንድትወዳደር ተፈቀደላት፤ ሜዳሊያ ካገኘች ግን የሽልማት ሥነ ሥርዓት እንደማይኖር አስቀድሞ ተነገረ። በአጭሩ ፕሮግራም መራች። በረጅሙ ተደጋግማ ወደቀችና በድምር አራተኛ ሆነች። ወርቁ ለአና ሽቸርባኮቫ፣ ብሩ ለአሌክሳንድራ ትሩሶቫ፣ ነሐሱ ለካኦሪ ሳካሞቶ። ያን ምሽት ያየ ሰው አይረሳውም፤ አንዷ ወርቅ ይዛ ብቻዋን ቆማ ነበር፣ ሌላዋ ብር ይዛ ታለቅስ ነበር፣ ሦስተኛዋ ፊቷን ሸፍና ነበር። ትንበያው ግን ቀድሞ የተጻፈው ስለ ቁጥር ነበር።

(በነገራችን ላይ፣ የዚያ የቡድን ውድድር ሜዳሊያ የተሰጠው ነሐሴ 2024 ፓሪስ ላይ ነው። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በጥር 2024 ቫሊዬቫን ከቀጣ በኋላ ወርቁ ወደ አሜሪካ፣ ብሩ ወደ ጃፓን ዞረ። ትንበያችሁ ይሳካ አይሳካ ለማወቅ ሁለት ዓመት ተኩል መጠበቅ። ይሄንን የትኛው ቤቲንግ ቤት ይችለዋል?)

ስለ መድኃኒቱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሌላ ጽሑፍ ይጠይቃል። እኛን የሚያሳስበን አንድ የ15 ዓመት ልጅ የ15 ዓመት ልጅ መሆኗ የተረሳበት ፍጥነት ነው። ሻምፒዮን ብለን ስለጠራናት ትልቅ ሰው መሰለችን። ደህና፣ ማኅበሩ ከዚያ በኋላ በአዋቂዎች ውድድር የመግቢያውን ዕድሜ ደረጃ በደረጃ ወደ 17 ከፍ አድርጎታል። ጥሩ ሕግ ነው። የጋዜጠኛ ብዕር ግን የዕድሜ ገደብ የለውም፤ የ12 ዓመት ሕፃን ላይ «የቀጣዩ ኦሎምፒክ ንግሥት» ብሎ ለመጻፍ ማንንም አያስፈቅድም።

አሊሳ ሊውን ተመልከቱ። በ2019 በ13 ዓመቷ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች፤ በታሪክ ከሷ ያነሰች አልነበረችም። ያን ቀን ነው የተተነበየችው። በ2022 ኦሎምፒክ ሄዳ ስድስተኛ ወጣች፤ በዚያው ዓመት በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ወሰደችና በ16 ዓመቷ «በቃኝ» ብላ ጫማዋን ሰቀለች። በ16 ዓመት ጡረታ! እኛ በ16 ዓመታችን የማትሪክ ፎቶ እንኳ አልተነሣንም። ከዚያ ልጅቷ እንደ ልጅ ኖረች፤ ተራራ ሄደች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ2024 ተመለሰች፤ የተመለሰችው ግን ሙዚቃውን ራሷ መርጣ፣ ልብሷን ራሷ አስባ፣ የምትበላውን ራሷ ወስና ነው። ያን ጊዜ ማንም ሜዳሊያ አልሰጣትም። ትንበያ ዝርዝሮቹ ላይ ብትኖርም «ደስ የሚል ታሪክ» በሚለው ሥር ነበረች። መጋቢት 2025 ቦስተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የካቲት 2026 ሚላን ላይ ደግሞ የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች፤ ከሳራ ሂዩዝ ወዲህ፣ ከ24 ዓመት በኋላ፣ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት።

ያ የሴቶች ፍጻሜ ለትንበያ ጥሩ ትምህርት ቤት ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። ከአጭሩ በኋላ የጃፓኗ አሚ ናካይ በ78.71 ትመራ ነበር፣ ሳካሞቶ 77.23፣ ሊው 76.59። ሦስቱም ከሁለት ነጥብ ብዙም በማይበልጥ ቦታ ውስጥ ተጠጋግተዋል። ሳካሞቶ ያን ጊዜ የሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፣ የመጨረሻ ኦሎምፒኳም ነበር፤ ልባችን እሷ ጋ እንደነበር አንደብቅም። ረጅሙ ሲያልቅ ሊው 226.79፣ ሳካሞቶ 224.90፣ ናካይ 219.16። ልዩነቱ 1.89። ሳካሞቶ ከትሪፕል ፍሊፕ በኋላ ልታስከትለው የነበረው ትሪፕል ቶሉፕ ሳይመጣ ቀረ። የዚያ ዝላይ መነሻ ዋጋ 4.20 ነው። ከዚህ በኋላ «የተሻለችው ማን ናት» ብላችሁ ለሰዓታት መከራከር ትችላላችሁ፤ እኛ ተከራክረናል፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ በረካ አልፎ አላለቀም። ግን «ወርቁ የማን እንደሆነ አውቀን ነበር» የሚል ሰው፣ ያቺ አንዲት ዝላይ እንደምትቀር ማወቅ ነበረበት። ሳካሞቶ ራሷ አላወቀችም።

ጋዜጠኝነት ስንማር ደጋግመው የነገሩን፣ ዜና ማለት የሆነ ነገር ነው የሚል ነው። ሊሆን የሚችለው ሌላ ስም አለው፤ ግምት። ግምትን መጻፍ ነውር አይደለም፣ ግምት መሆኑን አለመጻፍ ነው ነውሩ። እንግዲህ ፊገር ስኬቲንግን ለመተንበይ የምትፈልጉ ካላችሁ (ሁለት ሰው ብትሆኑም ኑ፣ ቦታ አለን) እኛ የምናደርገውን እንንገራችሁ። አንድ ስም አንጽፍም። የሚችሉትን አምስት ስድስት ሰዎች እንጽፋለን፤ ከየስማቸው ጎን ደግሞ ለማሸነፍ ምን መሆን እንዳለበት። «ማሊኒን፣ አክሰሉ ከተገኘና ሦስት ዝላይ ካልተበላሸ።» «ሻይዶሮቭ፣ ከትሪፕል አክሰል አስከትሎ ኳድ ሳልኮ የሚሠራበትን ያንን የእብድ ጥምር ካረፈና ከሱ በኋላ የሚገቡት ከተንቀጠቀጡ።» ሚላን ላይ በትክክል የሆነው ሁለተኛው ነው፤ እሱ ንጹሕ ሠርቶ ወጣ፣ ከሱ በኋላ የገቡት ተራ በተራ ተሰናከሉ። እንዲህ ያለ ትንበያ ርዕስ ላይ አያምርም፣ እናውቃለን። አዘጋጅ አይወደውም። «እገሌ ወርቁን ለመውሰድ ሄደ» የሚለው ነው የሚሸጠው። የሚሸጠው ግን የማን ትከሻ ላይ ተጭኖ ነው?

ደግሞ ሻይዶሮቭን አንድ ስም ብቻ የሚጽፈው ትንበያ እንዴት እንደደበቀው አስቡት። በ2025 ቦስተን ላይ በዓለም ሻምፒዮና ብር ወስዷል፤ ከሜዳ የወጣ ሰው አልነበረም። የካዛክስታን ልጅ ነው፤ አገሩ በክረምት ኦሎምፒክ ወርቅ ካየች ከ1994 ወዲህ ነበር። ከሱ በፊት በፊገር ስኬቲንግ ለካዛክስታን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያመጣው ዴኒስ ቴን ነው፣ በ2014 ነሐስ፤ በ2018 በአልማቲ መንገድ ላይ በስለት ተወግቶ ሞተ። ይሄ ሁሉ ታሪክ ነበረ። ለመጻፍ የሚጠብቅ ታሪክ። ግን ሁሉም ሰው አንዱ ላይ ተደርድሮ ስለነበር ሻይዶሮቭ ወርቁን ሲያጠልቅ ብዙ ጋዜጠኛ ስሙን እንዴት እንደሚጠራ ይጠያየቅ ነበር። ትንሽ አገር የወጣ ሯጭ ስም ሲጣመምበት የኖረ የኛ አገር ሰው ይሄንን ሳያስረዱት ያውቀዋል።

«እሺ፣ ነገሩን አከበዳችሁት፤ ለ2030ው ምን ትላላችሁ?» ብላችሁ ከያዛችሁን አናመልጥም። ጨዋታው በፈረንሳይ አልፕስ ነው። የሴቶቹ መድረክ ላይ ቢያንስ አንዲት ጃፓናዊት ትቆማለች እንላለን፤ በ2022 አንድ ሜዳሊያ፣ በ2026 ሁለት ወስደዋል፤ ከኋላ የሚመጡት ልጆቻቸውም አያልቁም። ከወንዶቹ ወርቁን የሚወስደው ሰው በረጅሙ ፕሮግራም ሰባት ኳድ መሥራት የግድ አይለውም፣ አራት አምስቱን ካላበላሸ ይበቃዋል እንላለን። የበረዶ ላይ ዳንሱ ክርክር ይነሣበታል፤ ይሄኛውን በአንድ ለአንድ ኦድ እንኳ የሚገዛን የለም።

የሴቶቹን ወርቅ የምትወስደው ልጅ ደግሞ ምናልባት አሁን አሥራ ሦስት አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንዳንድ ቦታ ስሟ መጻፍ ጀምሯል። እኛ አንጽፈውም፤ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት አላት።